እውነት የተናገረው ብራህማን

ሰው ሲቀና ይዋሻል፥ ስም ያጠፋል፥ የሌለውን ፈጥሮ ያወራል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እኔም ይህንን አምኜ በመኖሬ፥ ውሸት እስካልተናገርሁ ድረስ ቅናቴ ከራሴ በቀር ማንንም አይጎዳም ብዬ አስብ ነበር። ነገር ግን በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝን ክፉ ሥራ የሠራሁት አንዲት የውሸት ቃል ሳልጨምር፥ እውነቱን ብቻ በመናገር ነው። ይህንንም ያስታወቀኝ መምህር ወይም መጽሐፍ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል የማይነገርበት ቴአትር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዛሬ ሳንክት ፒተርስቡርግ በምትባለው፥ ያን ጊዜ ግን ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው ከተማ ተማሪ ነበርሁ። በዚያ ዘመን ብዙ የኢትዮጵያ ወጣቶች በሶቪየት ኅብረት ልዩ ልዩ ከተሞች ይማሩ ነበር። እኔና አንድ ጓደኛዬ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። ከአገር ቤት የሚላክልንን በርበሬ ከአንድ ቆርቆሮ እንበላለን፤ በዚያ አጥንት ሰብሮ በሚገባ ብርድ አንድ ወፍራም ሹራብ በየተራ እንለብሳለን። እርሱ በትምህርቱ ከሁላችንም የበለጠ ነበረ፤ መምህራኑ ያከብሩታል፥ የማደሪያው ዘበኛ አሮጊት እንኳ በስሙ ትጠራዋለች። እኔን ግን «አንተ ረጅሙ» ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት የአገራችን ልጅ መጣች። ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ። የሩስያን ፊደል ያስቈጠርኋት እኔ ነኝ። የክረምት ካፖርት ስትገዛ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ከጎንዋ የቆምሁት እኔ ነኝ። ይህንን ሁሉ የምዘረዝረው ውለታዬን ለማስታወስ አይደለም፤ ቀናተኛ ሰው ምን ያህል ጥንቃቄ ያለው ሒሳብ እንደሚይዝ አንባቢዬ እንዲያይልኝ ነው። ልጅቱ የወደደችው ጓደኛዬን ነበር። እርሱም ወደዳት። ከእኔ የሰረቀው ነገር አልነበረም፤ የእኔ ያልሆነውን ነው የወሰደው።

ከእኛ ከተማሪዎቹ በላይ የተሾመ አንድ ኃላፊ ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የውይይት ስብሰባ ይደረግ ነበርና፥ ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ቀረ። ኃላፊው በኮሪደር አግኝቶኝ፥ «ጓደኛህ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር፤ «አሞት ነው» ማለትም እችል ነበር፤ ማንኛውም ጓደኛ እንደዚያ ይል ነበር። እኔ ግን፥ «ከእርስዋ ጋር ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ማታም አምሽተው ነው የሚመለሱት» አልሁ። ያልሁት ሁሉ እውነት ነበር። ከልቤም ያሰብሁት፥ ጓደኛዬ ይገሠጻል፥ ምናልባትም ከእርስዋ እንዲርቅ ይታዘዛል፥ ከዚያም ነገሩ ይበርዳል የሚል ነበር። ኃላፊው ምንም አልመለሰም፤ ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጓደኛዬ ፊቱ በብርድ ቀልቶ፥ በደስታ እየሳቀ ወደ ክፍላችን ገባ። በኪሮቭ ቴአትር ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የተረፈ ቲኬት አለ?» እያለ ሲለምን ውሎ ሦስት ቲኬት አግኝቷል። ሁለቱ ለእርሱና ለእርስዋ ነው። ሦስተኛውን የገዛው ለእኔ ነበር።

የኪሮቭ ቴአትር ቤት ያ ስሙ በ1992 ዓ.ም. ቀርቶ እንደ ቀድሞው ማሪንስኪ ይባላል። ውስጡ ሰማያዊና ወርቅ ነው። የእኛ ቦታ ከጣሪያው ሥር ካለው ከመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለ ነበረ፥ ከመድረኩ ይልቅ ትልቁ የመብራት ዘለላ ይቀርበን ነበር፤ የሰውም ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ እኛ ዘንድ ይከማች ነበር። ልጅቱ በመካከላችን ተቀመጠች።

ያን ማታ የታየው ባሌት «ባያዴርካ» ይባላል፤ ፈረንሳዮች «ላ ባያዴር» ይሉታል፤ ትርጕሙ የቤተ ጣዖት ጨፋሪ ማለት ነው። መጀመሪያ የታየው በዚያችው ከተማ በ1877 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 4 ቀን፥ ታላቁ የድንጋይ ቴአትር በሚባለው ቤት ነው። ያ ቤት በኋላ ፈርሶ በቦታው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተሠርቶበታልና፥ እኛ ከገባንበት በር ቆሞ ፊት ለፊት የሚመለከት ሰው ቦታውን ያየዋል። ጭፈራውን የደረሰው ማሪዩስ ፔቲፓ በ1818 ዓ.ም. በማርሴይ የተወለደ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ በ1847 ዓ.ም. ወደ ሩስያ መጥቶ ዕድሜውን በዚያው የጨረሰ ሰው ነው። ሙዚቃውን የጻፈው ሉድቪግ ሚንኩስ ከቪየና የመጣ ነው። ታሪኩ ደግሞ የህንድ ነው። እንግዲህ ህንድን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ለሩስያ መኳንንት ያሳዩት ህንድ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ነገሥታቱና ካህናቱ፥ ነብሩና ዝሆኑ ሁሉ ከሥዕል መጽሐፍ የወጡ ናቸው፤ ህንዳውያን ሊቃውንት ዛሬ ቢያዝኑበት አይፈረድባቸውም። እኛም ራሳችን ከዚህ ድርሻችን አልቀረብንም። በሁለተኛው ክፍል ፊታቸውንና እጃቸውን ጥቍር ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ልጆች ወጥተው እየተገለባበጡ ሲጨፍሩ፥ በፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዘወር ብለው አዩን፤ ወዲያውም አፍረው ተመለሱ። ጓደኛዬ ወደ ጆሮአችን ጠጋ ብሎ፥ «የአጎቴ ልጆች ናቸው» አለና ልጅቱን ከሣቅ ብዛት አስነባት። በዚህ ጉዳይ ላይ በ2019 ዓ.ም. ጥቍር አሜሪካዊቷ ጨፋሪ ሚስቲ ኮፕላንድ በሞስኮው የቦልሾይ ቴአትር ላይ ቅሬታዋን አቅርባ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ኒኪያ የቤተ ጣዖቱ ጨፋሪ ናት። ሶሎር የሚባል የጦር ሰው ይወዳታል፤ በተቀደሰውም እሳት ፊት ቆሞ ለዘለዓለም ሊወዳት ይምላል። ነገር ግን ራጃው ልጁን ጋምዛቲን ለሶሎር ሊድርለት ቈርጧል፤ ሶሎርም ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ የጋምዛቲን ውበት ሲያይ ልቡ ይከፈላል፤ እምቢ ለማለትም ወኔ ያጣል። ጋምዛቲ ኒኪያን አስጠርታ በጌጥ ልትገዛት ትሞክራለች፤ ኒኪያ በንዴት ጩቤ ታነሣለች፤ ሞግዚቲቱ ትይዛታለች። በመጨረሻም በእጮኝነቱ ግብዣ ላይ ኒኪያ እንድትጨፍር ታዝዛ ስትጨፍር፥ ከሶሎር የተላከላት መስሏት የአበባ ቅርጫት ትቀበላለች። በአበባው ውስጥ እባብ አለ።

ብዙ ሰዎች ስለዚህ ባሌት ሲናገሩ ቀናተኛዪቱ ጋምዛቲ ናት ይላሉ። እኔ ግን ያን ማታ ዓይኔን ከሌላ ሰው ላይ ማንሣት አልቻልሁም። የቤተ ጣዖቱ አለቃ የሆነ አንድ ታላቅ ብራህማን አለ። እርሱም ኒኪያን ይወዳል። ዘውዱን አውልቆ ከእግሯ ሥር እስከ ማኖር ይደርሳል፤ እርስዋ ግን እምቢ ትለዋለች። ከዚያም በዛፍ ተሸሽጎ የሁለቱን መሐላ ይሰማል።

ይህ ብራህማን አይጨፍርም። ከባድ ልብስ ለብሶ በዝግታ ይራመዳል እንጂ። በራጃው አዳራሽ ገብቶ ሌሎቹ እንዲወጡለት በምልክት ይጠይቃል፤ ከዚያም በእጁ መናገር ይጀምራል። የጭፈራ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው እንኳ የሚገባ ነው። አንድ ወንድ፤ አንዲት ሴት፤ ከታች ወደ ላይ የሚነድ እሳት፤ ከዚያም ሁለት ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ይህም በባሌት ልማድ «ማለ» ማለት ነው። የተናገረው ይኸው ነው። በዓይኑ ካየው አንድም አልጨመረም። ሁለቱን ጣቶች ባነሣ ጊዜ በሰውነቴ ላይ የበረዶ ውኃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ኮሪደሩን፥ ኃላፊውን፥ የራሴንም ድምፅ ሰማሁ።

ከዚህ የሚከተለው ግን ይብሳል። ብራህማኑ የጠበቀው ራጃው በሶሎር ላይ እንዲቈጣ ነው፤ ሶሎር ከመንገዱ ከተነሣለት ኒኪያ ለእርሱ ትቀራለች። ራጃው ግን ሶሎርን ለልጁ ይፈልገዋል። ለአንዲት ጨፋሪ ብሎ ደኅና አማች ለምን ያጣል? ስለዚህ ጨፋሪዪቱ ትሙት ብሎ ይፈርዳል። ያን ጊዜ ብራህማኑ ይደነግጣል፤ እጆቹን ዘርግቶ አማልክት ይቈጣሉ እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው ግን የለም። የተናገረው ቃል ከእጁ ወጥቶ የራጃው ሆኗል። ራጃውም ለራሱ ጉዳይ ያውለዋል።

ከመጋረጃው በስተላይ ሆኜ ይህንን ስመለከት አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ጓደኛዬ የመጀመሪያው ተማሪ ነው። ለመምህራኑም ለኃላፊውም ስም የሚያስጠራ እርሱ ነው። እርሱን ማን ይነካዋል?

በሁለተኛው ዕረፍት ወደ ታች ወርደን በደረጃው አጠገብ ቆመን ነበር። ኒኪያ በእባቡ ተነድፋ ስትወድቅ ብራህማኑ ሮጦ የመርዝ ማርከሻ ያቀርብላታል፤ የእርሱ እንድትሆን ነው። እርስዋ ግን ሶሎር ከጋምዛቲ ጋር ፊቱን ሲያዞር አይታ ማርከሻውን ትጥልና ትሞታለች። ልጅቱ ይህ ነገር አልተዋጠላትም።

«ለምን አልጠጣችውም?» አለች።

«ከማን እጅ ነው የምትጠጣው?» አላት ጓደኛዬ።

«እኔ ብሆን ከማንም እጅ ይሁን እጠጣ ነበር። መጀመሪያ መዳን ነው፤ ሌላው በኋላ ይታሰባል» ብላ ወደ እኔ ዞረችና፥ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

ማርከሻው ያን ሰዓት በእጄ ነበር። በማግሥቱ ጧት ወደ ኃላፊው ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ብል፥ ወይም እዚያው በደረጃው ላይ ለሁለቱም ያደረግሁትን ነግሬ እንዲጠነቀቁ ባደርጋቸው፥ ነገሩ ገና ሦስት ቀኑ ነበርና ይመለስ ነበር። «ሙዚቃው መልካም ነው» አልኋት። ከዚያም ደወል ተደወለና ወጣን።

ሦስተኛው ክፍል የጥላዎች መንግሥት ይባላል። ሶሎር ኀዘኑንና ጸጸቱን ለመርሳት ኦፒየም አጭሶ ሕልም ያያል። በጨለማው መድረክ ጥግ ካለ ተዳፋት ላይ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ትወጣለች፤ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ ቀና ትልና ሁለት እርምጃ ትራመዳለች። ከኋላዋም ሌላዪቱ ትመጣና ያንኑ ታደርጋለች። ከዚያም ሦስተኛዪቱ። በኪሮቭ ሠላሳ ሁለት ነበሩ፤ በሌላ አገር ቴአትር ቤቶች ሃያ አራት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያዪቱ ሴት ያንን አንድ እንቅስቃሴ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሳትንቀጠቀጥ መድገም አለባት። ሌላ የተለየ ነገር የለውም። ፔቲፓ ይህንን ያሰበው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ዶሬ ለዳንቴ መጽሐፍ ከሣላቸው የመላእክት ሥዕሎች ነው ይባላል። እኔ ግን ሥዕል አልመሰለኝም። ጸጸት እንዴት እንደሚመጣ የሚያሳይ ነገር መሰለኝ፤ አንዱ ሐሳብ ከሌላው ሳይለይ፥ ሳይቸኩል፥ በዚያው በመጣበት መንገድ ይመጣል።

በመጨረሻም ኒኪያና ሶሎር በጥላዎቹ መካከል ይገናኛሉ፤ መጋረጃም ይወርዳል። እኔ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። ራጃውስ? ጋምዛቲስ? ብራህማኑስ ምን ሆነ? ማንም አልተናገረም። ሁሉም በየቤታቸው በሰላም ያደሩ ይመስላል። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ብራህማኑን የተጫወተውም ሰው ወጥቶ እጅ ነሣ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ወደ ሌላ ከተማ እንድትዛወር ታዘዘች፤ በባቡር ሁለት ቀን የሚያስኬድ የደቡብ አገር ነው። የጀመረችውን ትምህርት ትታ ያልመረጠችውን ሌላ ትምህርት ጀመረች። ጓደኛዬን በአንድ ቃል እንኳ የገሠጸው ሰው አልነበረም። ወደ ባቡር ጣቢያው ስንሸኛት ሻንጣዋን የተሸከምሁት እኔ ነበርሁ። አመሰገነችኝ።

ለአንድ ዓመት ያህል ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ከዚያም ደብዳቤው ቀረ። ሁለቱም በየበኩላቸው ትዳር ይዘው ልጆች ወልደዋል። ማንም አልሞተም። ወጣቶች ሆይ፥ ይህንን የምነግራችሁ እኔም ለራሴ ደጋግሜ የነገርሁት ማመኻኛ ይህ ስለ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ባሌት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች የጥበብ ፍቅር ያደረብኝ መሰላቸው። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ብራህማኑ በመጨረሻ ምን እንደ ሆነ ማወቅ።

ያነበብሁትም አስገረመኝ። በ1877 ዓ.ም. ሲታይ ባሌቱ ከጥላዎቹ በኋላ ሌላ አንድ ክፍል ነበረው። የሶሎርና የጋምዛቲ ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ የኒኪያ ጥላ በመካከላቸው ትገባለች፤ ከሶሎርም በቀር የሚያያት የለም። ብራህማኑ የሁለቱን እጅ ሊያጋጥም ሲል መብረቅ ይወርዳል፥ ምድር ትናወጣለች፥ ቤተ ጣዖቱ ፈርሶ በውስጡ ያሉትን ሁሉ ይቀብራል። ከፍርስራሹ በላይ በሂማላያ ተራራ ጫፍ ኒኪያና ሶሎር አብረው ይታያሉ። ፔቲፓ በ1900 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ባሌቱን እንደ ገና ሲያድሰውም ይህ መጨረሻ በቦታው ነበረ። ከሩስያ አብዮት በኋላ ግን ቀረ። አንዳንዶች በ1924 ዓ.ም. የኔቫ ወንዝ ሞልቶ ከተማዪቱን ሲያጥለቀልቅ የመድረኩ ዕቃ ስለ ተበላሸ ነው ይላሉ፤ ሌሎችም ቤተ ጣዖት የሚያፈርስ መሣሪያና ባለሙያ በመታጣቱ ነው ይላሉ። በ1941 ዓ.ም. ቭላዲሚር ፖኖማሬቭና ቫኽታንግ ቻቡኪያኒ ባሌቱን አስተካክለው በጥላዎቹ ላይ እንዲያልቅ አደረጉ። በዚያው ዓመት ከተማዪቱ በጀርመኖች ተከበበች። እኔ ያየሁት እንግዲህ ይህንን የእነርሱን ነው። ፍርዱ የጎደለው በደራሲው ፈቃድ አልነበረም።

የባሌቱ ዕጣ ከዚህ በኋላ ከሰዎች መኰብለል ጋር የተያያዘ ነው። በ1961 ዓ.ም. የኪሮቭ ጨፋሪዎች ወደ ፓሪስ ሲሄዱ ሶሎርን ሆኖ የታየው ወጣቱ ሩዶልፍ ኑሬየቭ፥ በጁን 16 ቀን በለ ቡርዤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ አልመለስም ብሎ ቀረ። በ1963 ዓ.ም. የጥላዎቹን ክፍል ለለንደን የንጉሣዊ ባሌት ጨፋሪዎች አስተማረ። ናታሊያ ማካሮቫም በ1970 ዓ.ም. በለንደን ቀረች፤ እርስዋ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ባሌቱን በሙሉ አሳየች፤ የጠፋውን መጨረሻም በአዲስ ሙዚቃ እንደ ገና ፈጠረችው። ኑሬየቭ ሙሉውን ለፓሪስ ኦፔራ ያዘጋጀው በ1992 ዓ.ም. በኦክቶበር ሲሆን፥ ጭብጨባውን የተቀበለው በሕመም ተዳክሞ ሳለ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሞተ። የእርሱም ሥራ የሚያልቀው በጥላዎቹ ነው፤ ቤተ ጣዖቱ አይፈርስም። የፔቲፓ ባሌቶች እርምጃ በምልክት የተጻፈበትን መዝገብ ኒኮላይ ሰርጌየቭ የሚባል ሰው ከአብዮቱ በኋላ ከሩስያ ይዞት ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ማሪንስኪም በ2002 ዓ.ም. የ1900ውን ዓይነት እንደ ገና ያሳየው በእርሱ እየተመራ ነው።

የማካሮቫን ያየሁት በ2018 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር፥ ልጄን ለመጠየቅ ለንደን በሄድሁ ጊዜ ነው። ልጄ ይህንን ባሌት እንደምወድ ታውቅ ነበርና ውድ ቲኬት ገዝታ ጠበቀችኝ። በዚህ ጊዜ የተቀመጥነው ከታች፥ ከመድረኩ ሃያ እርምጃ በማይርቅ ቦታ ነበር። ብራህማኑ ሁለት ጣቶቹን ሲያነሣ ፊቱ ላይ ያለውን ላብ አየሁ።

ለሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቅሁት መጨረሻም መጣ። መድረኩ በጭስ ተሞላ፤ ድንጋዩ እየተንከባለለ ወረደ፤ ሁሉም ከሥሩ ቀሩ። ሕዝቡ በአንድነት ሲተነፍስ ተሰማኝ። በጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። እኔም እረካለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ከጨርቅ የተሠራ መሆኑ ታየኝ፤ ከዚያም ይልቅ ብራህማኑን «እርሱስ ተገላገለ» ብዬ ቀናሁበት። አዎን፥ በዚያ ዕድሜዬ፥ በመድረክ ላይ ባለ ሰው ቀናሁ። በእርሱ ላይ ቤት ፈርሶለታል። የሌኒንግራዱ ብራህማን ግን ማርከሻውን በእጁ እንደ ያዘ መጋረጃ ወርዶበት ነበር። ከሁለቱ የትኛው መጨረሻ እንደሚበልጥ የጥበብ ዐዋቂዎች ይከራከራሉ፤ ማካሮቫ ታሪኩን ሞላችው የሚሉ አሉ፥ ከጥላዎቹ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ትርፍ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የጥበብ ምክንያት አይደለም።

ስንወጣ ልጄ እጄን ይዛ፥ «አባዬ፥ ያ ካህን ግን ምን አጠፋ? ያየውን ነው የተናገረው» አለችኝ።

«ያየውን ነው የተናገረው» አልሁ።

«ታዲያ ለምን እርሱም ይሞታል?»

ልመልስላት አልቻልሁም። በዚያ ሌሊት በልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ለጓደኛዬ ስልክ ደወልሁ። የሚኖረው በሌላ አገር ስለ ሆነ በእርሱ ዘንድ ገና ምሽት ነበር። በየበዓሉ እንነጋገራለን፤ ያን ቀን ግን በዓል አልነበረምና ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ማንም አልሞተም አልሁት። ከዚያም ኮሪደሩን፥ የኃላፊውን ጥያቄ፥ የመለስሁትን ቃል፥ ቲኬቱን የገዛበትን ቀን ሁሉ ነገርሁት። ማመኻኛ እንዳላበዛ ተጠንቅቄ ነበር፤ ሆኖም «ውሸት አልተናገርሁም» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

«አለሁ» አለ። ከዚያም በዝግታ፥ «ሻንጣዋን የተሸከምህላት አንተ ነበርህ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎን።»

«እርስዋስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ስልክዋን ልስጥህ። ጻፍ» አለና ቍጥሩን አንድ በአንድ ይነግረኝ ጀመር። እኔም በእጄ ላይ በነበረው በቴአትሩ መግለጫ ጀርባ ላይ ጻፍሁት።